ሻዩን ሳልጠጣ የተነሳሁ ዕለት

ናሆም፣ ያን ቢላዋ መጀመሪያ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው። እናትህ «ሳይባረክ የሞተ አልበላም» ማለቷ ገብቶኛል። የአደን ፈተናህን ማለፍህም ደስ ብሎኛል። ቅዳሜ ከስዊድኖቹ ጋር ኤልግ፣ ያን ፈረስ የሚያክል ቀንዳም አውሬ፣ ልታድን ስትሄድ ግን፣ ነፍሱ ሳትወጣ ደርሼ አንገቱ ላይ ቢላዋ ላሳርፍ ነው ያልከውን ተወው። ሄለን፣ አንቺም ስልኩን ተይና ወንድምሽ የሚሰማውን ስሚ። እሱ ያሰበውን እኔ አድርጌዋለሁ።

እዚህ ስዊድን፣ አካላ ሰፈር ከመምጣቴ በፊት ካናዳ እንደነበርኩ ታውቃላችሁ። ቶሮንቶ አይምሰላችሁ። በስተሰሜን ጫፍ፣ ባሕር የሚያክል ሐይቅ ዳር፣ ዴኔ የሚባሉ ነባር ሕዝቦች መንደር ውስጥ የመብራት ጀነሬተር እጠግን ነበር። የመንደሩ ሰው ሁሉ ቢሰበሰብ ይህን አንድ ሕንጻ አይሞላም። መንገድ የለም። በትንሽ አውሮፕላን ወይ በጀልባ ትገባለህ፤ በብርዱ ወራት ደግሞ ሐይቁ ይረጋና በላዩ ትነዳለህ።

መስከረም ነበር። ቅጠሉ ቢጫ ሆኗል፣ ጠዋት ጠዋት የጀልባው ጠርዝ ላይ አመዳይ ይጋገራል። የወሰዱኝ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ሞሪስ የሚባል ሰባ ያለፈው ሽማግሌ አዳኝ፣ እና ጀልባውን የምትነዳው የእህቱ ልጅ ሮዛሊ። የሞሪስ ሚስት ሙት ዓመት ደርሶ ነበር። እንደ እኛው መንደሩ ተሰብስቦ ይበላላታል፤ የሚበላውም ከጫካ የመጣ ስጋ መሆን አለበት። በዚያ ዓመት አውሬው ርቆ፣ አንድ የኤልግ ኮርማ ካላገኘን ለሟቿ የሚቀርብ አልነበረም። እዚህ ኤልግ የምንለውን እነሱ ሙስ ይሉታል።

ከመነሳታችን በፊት ሞሪስ ትምባሆ ቆንጥሮ ውሃው ላይ በተነ፣ አማተበ፣ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። እኔ በሆዴ ናቅኩት። ሁለት ዓመት ሙሉ አሣና የቆርቆሮ ምግብ ስበላ የኖርኩ ሰው፣ ዛሬ በራሴ እጅ ባርኬ ስጋ እበላለሁ ብዬ ይህን የመሰለ ቢላዋ ቦት ጫማዬ ውስጥ ሸጉጫለሁ።

ረፋዱ ላይ ሐይቁ በጠባቡ ወደ ጫካው የገባበት ጋ ደርሰን ከጀልባው ወረድን። ሞሪስ የደረቀ የሙስ ትከሻ አጥንት አውጥቶ ቁጥቋጦውን ይፍቅበት ጀመር፤ ድምፁ ሌላ ኮርማ ቀንዱን የሚስል ይመስላል። ብዙም ሳይቆይ ቅርንጫፍ ተሰበረና ኮርማው ወጣ። ከትከሻው በላይ እኔ አልደርስም። ሮዛሊ ተኮሰች። ሲዞር ነው ያገኘችው፤ ተንገዳግዶ ወደ ቁጥቋጦው ተመለሰ።

ሞሪስ ፔርሙዙን ከፈተ። «ተቀመጡ» አለ። «ሻይ እንጠጣ። እሱም ይተኛ።»

እንዴት ልቀመጥ? ሻይ ስጠጣ ከሞተ ለእኔ ጥንብ ነው። ሽንቴን ልሽና ብዬ ተነሳሁ።

ጭቃው ላይ ኮቴው ተፈልቅቆ ታትሟል። ደሙ ጠቁሯል፤ አረንጓዴ ነገር ተቀላቅሎበታል። ሆድ መመታቱን ያኔ ማወቅ ነበረብኝ። መጀመሪያ የደረሰኝ ሽታው ነው። በዚያ ወቅት ኮርማው ጉድጓድ ይቆፍርና ሸንቶበት ይንከባለልበታል፤ ለሴቷ ሽቶው መሆኑ ነው። እዚያው ጉድጓድ ዳር አንገቱን አስረዝሞ ተኝቷል፣ ዓይኑ ፈዟል። አለቀለት ብዬ ቀንዱን በግራ እጄ ያዝኩ፣ «በስመ አብ» ብዬ ቢላዋውን አሳረፍኩ።

ተነሳ።

ቀንዱን እንደያዝኩ አብሬ ተነሳሁ፤ ከዚያ በጀርባዬ ጉድጓዱ ውስጥ ነኝ። ኮቴው ጆሮዬ ሥር ጭቃውን ቀደደው፤ ሁለተኛው የጃኬቴን እጅጌ ከመሬት ሰፋው። ሆዱ ከላዬ ነው። ቁስሉ ተከፍቶ ፈርሱ ፊቴ ላይ ይወርዳል፣ ትኩስ ነው፣ ስጮኽ አፌ ገባ። አዎ ሄለን፣ እንዳልሽው «ኤክሊት»፣ የሚያስጠላ ነው። ስዊድንኛውም አማርኛውም አይበቃውም።

ጩኸቴን ሰምተው ደረሱ። ሮዛሊ መተኮስ አልቻለችም፤ እኔ ሥሩ ነኝ። ሞሪስ ጠመንጃ ሳይዝ ጃኬቱን እያውለበለበ ፊት ለፊቱ ሄደ። ኮርማው እኔን ትቶ ወደሱ ዞረ፣ በቀንዱም የቀኝ ክንዱን መታው። ሲሰበር ሰምቻለሁ። ያኔ ጎኑ ተገለጠላትና ሮዛሊ ጣለችው።

ሽማግሌው ክንዱን አቅፎ ኮርማው ራስ አጠገብ ተንበረከከ። ይሰድበኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ለአውሬው በቋንቋቸው በዝግታ ያወራ ጀመር። ምን እንደሚል ሮዛሊን ጠየቅኳት። ዓይኔን ማየት አልፈለገችም።

«ይህ ሰው ከሩቅ የመጣ ነው፣ አላስተማርነውም፣ ጥፋቱ የእኛ ነው፣ በእኛ አትቀየም እያለው ነው» አለች።

ተረጋግቶ ቢሞት ኖሮ ስጋው ንጹሕ ነበር። በትግሉ ሆድ ዕቃው ፈስሶ አብዛኛውን ስጋ አበላሸው። እያስመለሰኝ በሐይቁ ውሃ አጠብኩት፤ ሽታው አልለቀቀም። ለሙት ዓመቱ የተረፈው ለሰው ሁሉ የሚዳረስ ሾርባ ብቻ ነበር። ሞሪስ ክንዱ ታስሮ፣ ስጋ ያለበትን ሳህን በግራ እጁ ለእኔ አመጣልኝ። ፊቱ ላይ ቂም ብፈልግ አጣሁ። በላሁ፣ ወጣሁ፣ ጀነሬተሩ ቤት ጀርባ አስመለስኩት። የሟቿን መታሰቢያ ውሾች ላሱት።

እስከ ዛሬ ትቬትስቱጋ፣ የሕንጻው ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ሰው እርጥብ ልብስ ረስቶ ሲሄድ ያ ጉድጓድ ይሸተኛል። ማጠቢያውን ትቼ እወጣለሁ። ጥሬ ስጋ ባለበትም አልቀመጥም፤ ሰዎች ሃይማኖቴ ይመስላቸዋል። ሽታውስ ቢሆን ያልፋል። እኔን የሚቀፈኝ ያ ሰውዬ ጠዋት ሲያማትብ እያየሁ፣ የእኔ እጅ ካልነካው አልተባረከም ማለቴ ነው። ራሴን ተጸይፌዋለሁ፣ ናሆም። በዓመታት አልለቀቀኝም።

ለእናትህ ምን ትላት? እውነቱን ንገራት፤ ከመሞቱ በፊት ተባርኳል በላት። ጫካው ጫፍ ላይ ቆመህ አማትብ፣ ጸልይ፤ ከዚያ በኋላ ተኩስ። ይህን ፔርሙዝ ውሰድ። ሁለት ኩባያ ይይዛል፤ ሁለተኛው ሳያልቅ ከተቀመጥክበት እንዳትነሳ። ለመግፈፊያ ስዊድኖቹ ያበድሩሃል። ያንተ ቢላዋ እኔ ዘንድ ይቆያል፤ ቅዳሜ ማታ ከአደኑ ስትመለስ በእግርህ መጥተህ ትወስደዋለህ።