ዝም ያለው ጥርስ

በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ሶዶ ላይ አናጢ ሶርሳን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ጸሎት ቤት በራፍ አልፎ የማያውቅ ብቻ ነው። አግዳሚ ወንበሩን የሠራው እሱ፣ መዝሙሩን የሚያነሣው እሱ። ድምፁማ አቤት! ገበያ ድረስ ይሰማ ነበር። ሚስቱ ቦሼ በድምፁ ነው የወደደችው፤ መልኩ እንኳ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እምብዛም ነበር። ይህን ድሮ እሷው ነበረች እየሳቀች የምትናገረው።

ነገሩ የጀመረው በሐምሌ ነው። ሶርሳ የበቆሎ ቆሎ ሲቆረጥም ጠጠር ነከሰና የታች መንጋጋ ጥርሱ ተሰነጠቀ። እንግዲህ ጥርስ አሞት የማያውቅ ሰው ሕመም አውቃለሁ አይበል። ሰውየው መጋዙን ጥሎ ጉንጩን ይዞ ግቢውን ይዞር ጀመር። ጎረቤታቸው እሜቴ ሳህሊቱ ቅርንፉድ ሰጡት፤ ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጠው ሰጡት፤ በመጨረሻ አረቄ በብርጭቆ ይዘው መጡ።

"ጠጣ አላልኩህም፤ ተጉመጥሞጥና ትፋው!"

"አረቄማ በአፌ አይዞርም፣ እሜቴ" ብሎ እምቢ አለ። የወንጌል አማኝ ነዋ።

እሑድ ጉንጩን በነጠላ ጠምጥሞ ጸሎት ቤት ሄደ። መዝሙር የሚያነሣ ጠፋ። ሽማግሌው አቶ ባዳቾ ወደ ፊት ጠሩትና እጃቸውን መንጋጋው ላይ ጭነው ጸለዩለት፤ ጉባኤውም አብሮ አለቀሰ። ማክሰኞ ጠዋት ሲነቃ ሕመሙ የለም። ጭራሽ! ቀዝቃዛ ውኃ ጠጣበት፣ አልተሰማውም። በጣቱ ኳ ኳ አደረገው፣ አልተሰማውም። ቦሼ እልልታዋን አቀለጠችው።

በሳምንቱ በጉባኤው ፊት ቆሞ መሰከረ። ምስክርነት በእነሱ ዘንድ እንደ ዋዛ የሚታይ ነገር አይደለም፤ ቆመው የተናገሩትን ቃል ማጠፍ ማለት ጌታን ማዋረድ ነው። "ጌታ ጥርሴን ፈወሰኝ!" አለ ሶርሳ፣ በዚያ ድምፁ። ሻንቆ የሚባል ገበሬ ይህን ሰምቶ ጌታን ልቀበል ብሎ ያኔውኑ እጁን አነሣ፤ ጠንቋይ ቤት መመላለሱንም ከነቤተሰቡ ተወ። ከዚያ ወዲያ ሶርሳ የሻንቆን ልጆች ከራሱ ልጅ ከጥሩነሽ ለይቶ አያያቸውም ነበር። በጊፋታ፣ የሰፈሩ ሰው በሬ ጥሎ አዲሱን ዓመት ሲቀበል፣ ሰው ሁሉ የሚያየው የሶርሳን አፍ ሆነ። እሱም ትልቁን ሙዳ መርጦ በዚያው በታመመው በኩል እያላመጠ "ይኸው!" ሲላቸው በሳቅ ፈረሱ።

መጀመሪያ ያወቀችው ቦሼ ናት። ሚስት ምን ይሰወራታል? ትንፋሹ ተለወጠባት። ሲያናግራት ፊቱን ዘወር ያደርጋል። አንድ ቀን በኅዳር መጨረሻ ጓሮ እንሰቱ ሥር ቆሞ ድዱን በጣቱ ሲጫን ደረሰችበት። መግል ተፋ።

"የጥሩነሽ አባት፣ ያምሃል እንዴ?"

"አያመኝም።"

እውነቱን ነው፤ አያመውም ነበር። ድዱ ላይ ብጉር የምታክል ነገር ወጥታለች። ትፈነዳለች፣ ትጠፋለች፣ ደግሞ ተመልሳ ትወጣለች። "ይህቺማ ምን አላት" ብሎ ወደ መላጊያው ተመለሰ።

በታኅሣሥ የጤና ጣቢያው ድሬሰር ደገፉ ያሠራውን ቁም ሣጥን ሊወስድ መጣ። ቦሼ ባሏን ሳታስፈቅድ "አቶ ደገፉ፣ እባክዎን የዚህን ሰው አፍ ይዩልኝ" አለች። ሶርሳ በዓይኑ ገረፋት። አፉን ግን ከፈተ።

ደገፉ በእርሳሱ ጫፍ ጥርሶቹን አንድ በአንድ ነካ ነካ አደረገና አንዱ ላይ ቆመ። "ይህ ሞቷል" አለ።

"ድኗል ማለትዎ ነው?" አለ ሶርሳ።

"ሞቷል ነው የምልህ። ጥርስ ውስጡ ሕይወት አለው፤ ክር የመሰለ ሥጋ በሥሩ ይገባል። ያ ክር ሲቆስል ነው በሐምሌ ያንገበገበህ። ሲሞት ዝም አለ። ዝም ማለቱ ግን መዳን አይደለም፣ ሶርሳ። ጥርሱ ውስጥ ይበሰብሳል፤ መግሉም በሥሩ ጫፍ ወደ መንጋጋህ ይወርዳል። ይህቺ ብጉር የመግሉ መውጫ በር ናት። በሩ የተዘጋ ዕለት ወዴት እንደሚሄድ እንጃ። መርፌ ብወጋህ እንኳ ለጊዜው ያስታግሰው ይሆናል እንጂ የሞተውን ጥርስ አያስነሣውም።"

"ታዲያ ምን ይሻላል?" አለች ቦሼ።

"አዲስ አበባ ቢሆን የጥርስ ሐኪሙ ጥርሱን ይሰረስርና የሞተውን ክር ስቦ ያወጣዋል፤ ሥሩን አጥቦ ይደፍነዋል፤ ጥርሱም ይተርፋል። እዚህ ግን መንቀል ነው። ሳይደርቅ በእርጥቡ! ነገ ጠዋት ኦቶና ሆስፒታል ውጣ፤ ለምሳ ቤትህ ትደርሳለህ።"

ሶርሳ "እኔ እኮ በጉባኤ ፊት ቆሜ . . ." ብሎ ጀመረና ተወው።

ደገፉ ገባው። "ጌታ ሕመሙን ወሰደልህ፤ ጥርሱን ደግሞ ሐኪም ይውሰደው። ምን ያጣላቸዋል?" ብሎ ቁም ሣጥኑን አስጭኖ ሄደ።

ቦሼ ወዲያው ያዘችው። "ሰምተሃል አይደል? ነገ እንሂድ።"

"ሻንቆ ቢሰማስ?"

"ሻንቆ ከጥርስህ ምን አገባው?"

"በእኔ ጥርስ አይደል እንዴ የመጣው! ሶርሳ አልዳነም፣ ዋሽቶ ነው ቢሉት፣ ነገውኑ ልጆቹን ይዞ ጠንቋይ ቤት ይገባል። የእነዚያን ልጆች ነፍስ በአንድ ጥርስ ልሽጥ?"

"እንግዲያስ ለአቶ ባዳቾ ልንገራቸው።"

"በጌታ! እሳቸውማ በምን ዓይናቸው ሰው ያያሉ? የጸለየልኝ የእሳቸው እጅ ነው። ለማንም እንዳትናገሪ፣ ቦሼ። ቃል ግቢልኝ።"

ገባችለት። ምነው ያን ጊዜ ምላሴ እምቢ ባለ፣ ትላለች ዛሬም ድረስ። ኦቶና እኮ ሩቅ አገር አይደለም፤ ከደጃፋቸው ቆመው ቆርቆሮው ሲያብለጨልጭ ያዩታል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል ስንቴ ሰምተናል! መስማት ብቻውን ምን ዋጋ አለው?

በጥር ጉንጩ አበጠ። እሜቴ ሳህሊቱ በአጥር ላይ አይተውት "አንተ ሰውዬ፣ ሳይቃጠል በቅጠል ነው! ሐኪም ዘንድ ሂድ እንጂ" አሉት። ቀጥለውም ቀልድ አይቀርባቸውምና "ለመሆኑ ጌታህ ጥርሱን ከፈወሰው ጉንጩን ማን ነፋው?" ብለው ሳቁ። ክፋት የለባቸውም፤ አፋቸው ነው። ሶርሳ ግን ከዚያ ወዲያ ከቤት አልወጣም። ለመጣ ሰው ሁሉ "ጉንፋን ነው" በይ አላት፤ አለች።

እብጠቱ ወደ አንገቱ ወረደ። ሰውነቱ ይፋጃል። ምላሱ ከሥሩ ተነሥቶ አፉን ሞላው፤ ምራቁን መዋጥ አቃተው፤ መተኛትም አልቻለ፣ ተቀምጦ አየር ይስባል። ያ ሰፈር የሚያናውጥ ድምፅ የት ገባ! ቦሼ "ሰው ልጥራ?" ስትለው በእጁ እምቢ አላት። ቃሏን አፍርሳ ደጅ ወጥታ ጮኸች። ከሁሉ ቀድሞ የደረሰው ሻንቆ ነበር። ቃሬዛውን ከፊት ተሸክሞ፣ እንባው እየወረደ፣ ዳገቱን ሳያርፍ ወጣው።

ኦቶና ሐኪሞቹ አንገቱን በጥተው መግሉን አፈሰሱ፣ ፔኒሲሊን ወጉት፤ የሚችሉትን ሁሉ አደረጉ። መግሉ ግን ቀድሟቸው ወደ ደረቱ ወርዶ ነበር። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሶርሳ ሞተ። ሰው እንዴት በጥርስ ይሞታል? ብሎ ከተማው ጉድ አለ። ይሞታል እንጂ!

ሻንቆ ጠንቋይ ቤት አልተመለሰም። ሬሳውን ያጠበው እሱ፣ መቃብሩን የቆፈረው እሱ። "ለጥርስ ብዬ መሰላችሁ እንዴ የመጣሁት? እሱን ወድጄ እኮ ነው" ሲል ቦሼ ራሷን ያዘች።

በለቅሶው መሐል አቶ ባዳቾ አጠገቧ መጥተው ተቀመጡ። "ቦሼ፣ ልጄ፣ ለምን ደበቃችሁኝ?"

"እርስዎን አሳፍራለሁ ብሎ ነው" አለቻቸው።

ሽማግሌው ከንፈራቸውን በጣታቸው ገለጥ አድርገው አሳዩዋት። ከኋላ በኩል ሁለት ጥርስ የለም፤ ድዱ ገና አልሞላም።

"አሞኝ ኦቶና አስነቀልኳቸው" አሉ።

"መቼ?"

"በኅዳር። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ለሶርሳ ጸልዮ ያዳነው ሽማግሌ የገዛ ጥርሱን ለሐኪም ሰጠ ቢባል፣ የልጁ ምስክርነት ይደበዝዛል ብዬ ፈራሁለት።"

ቦሼ ትኩር ብላ አየቻቸው። "በኅዳር እኮ እብጠት አልነበረውም" አለች። "ያኔ ቢነግሩት ይሄድ ነበር።"

"ይሄድ ነበር" አሉ ባዳቾ። "እጁን ይዤ እወስደው ነበር።"

ሁለቱም ጎን ለጎን እንደተቀመጡ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አለቀሱ፤ ለቅሶ የደረሰው ሰው ለሟቹ ብቻ መሰለው።