የሰኔ ወንበሮች

በቦንጋ ሰኔ ሲገባ ዝናቡና የመሥሪያ ቤቶች ግዢ አብረው ይበረታሉ። ምክንያቱን ላስረዳ፦ የመንግሥት የበጀት ዓመት ሰኔ ሠላሳ ይዘጋል። እስከዚያ ያልወጣ ብር ተመላሽ ይሆናል፤ ብር የመለሰ መሥሪያ ቤት ደግሞ «ለካ አያስፈልጋችሁም» ተብሎ ለከርሞ ይቀነስበታል።

ያኔ ወደ ማንኪራ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለ ትምህርት ቤት የሥነ ዜጋ መምህር ነበርሁ። የሦስተኛ ክፍል ጣሪያ ያፈስ ነበር። ዝናብ ሲጥል ልጆቹ ዴስካቸውን እየጎተቱ ወደ ግድግዳው ይሸሻሉ፤ ትምህርቱም እዚያው ላይ ይቆማል።

የመሬት ግብር በጨመረበት ዓመት፣ ጭማሪውን በወላጆች ስብሰባ ላይ እንዳስረዳ ተመረጥሁ። ማስረዳት እወዳለሁ። ሰሌዳው ላይ ቀስት እየሣልሁ ግብር ከገበሬው ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ትምህርት ቤት እንዴት እንደሚመለስ አሳየሁ። የመጨረሻውን ቀስት ጣሪያው ላይ አሳረፍሁት።

የልጅ ልጃቸው ለከርሞ ሦስተኛ ክፍል የምትገባ አንድ ንብ አናቢ ሽማግሌ ከኋላ ተነሡ። «መምህር፣ ቀስቱ መንገድ ላይ እንዳይቀር ብቻ» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ።

የጥገናው በጀት እውነትም ተፈቀደ። ብሩ እንዲወጣ ግን መሐንዲስ መጥቶ ጣሪያውን ማየት፣ የሥራውን ዋጋም መገመት ነበረበት። የመሐንዲሱ መሥሪያ ቤት መኪና አለው፤ የነዳጅ በጀቱ ግን ግንቦት ላይ አልቋል።

«በእግሩ አይመጣም?» ብዬ ርዕሰ መምህራችንን ጠየቅኋቸው።

«በዚህ ጭቃ? የጫማውን በጀት ማን ይይዝለታል?» አሉኝ።

ደብዳቤ ጻፍን፤ ደወልን፤ ጠበቅን። ሰኔ ሊያልቅ ሲል ርዕሰ መምህሩ ቆረጡ። «ከሚመለስ ወንበር ይገዛበት። ወንበር መሐንዲስ አይፈልግም።» ወረዳም ብሩ ወደ ዕቃ ግዢ እንዲዛወር ፈቀደ። ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበሮች በጭነት መኪና መጡ። ለጣሪያው ቆርቆሮ ከከተማ ሊያመጣ ይችል የነበረውም ያው መኪና ነበር።

መስከረም ጠባ፤ ዝናቡ ግን አላባራም። ትምህርት በተጀመረ ዕለት ሽማግሌው የልጅ ልጃቸውን ይዘው ሦስተኛ ክፍል በር ላይ ቆሙ። አንድ ወንበር አቀረብሁላቸው።

«ጋሼ፣ ይቀመጡ።»

ተቀመጡ። ወዲያው ጠብታ ትከሻቸው ላይ አረፈ። ቀና ብለው ጣሪያውን፣ ዝቅ ብለው ወንበሩን አዩ።

«ቀስቱ ይሄ ነው?»

ስለ ሰኔ ሠላሳ፣ ስለ ተመላሽና ስለ ነዳጅ ነገርኋቸው። አንዱንም ሳያቋርጡ ሰሙኝ። ነገሩ ሁሉ ለየብቻው ትክክል ነበር፤ ስናገረው ግን እኔኑ ደከመኝ።

«ግብሩ ዘንድሮም ይጨምራል ይላሉ። እንግዲህ ያስረዱን» አሉኝ። ፌዝ አልነበረበትም።

ከልማድ ጠመኔ አንሥቼ ወደ ሰሌዳው ዞርሁ። ሰሌዳው ረጥቦ ጠመኔ አልይዝ አለ። ጠመኔውን ኪሴ ከትቼ፣ የልጅቷን ዴስክ ወደ ግድግዳው መሳብ ጀመርሁ። ሽማግሌው ከወንበሩ ተነሥተው በሌላው ጫፍ ያዙልኝ።