ኖራ የገባባቸው ዲስኮች

ሥራ የጀመርኩት ሐረር፣ ፈረስ መጋላ፣ አንድ የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ ውስጥ ነው። የመጀመሪያ ቀን ካቻቢቴ ይሰጡኛል ብዬ ስጠብቅ አለቃዬ ጋሽ ታምራት ብሩሽ ሰጡኝና «ኪቦርድ አጽዳ» አሉኝ። ገልብጬ መታ መታ ሳደርገው የለውዝ ቅርፊት፣ የጫት ቅጠልና የደረቀ ስኳር ተራገፈ። «የሐረር ቫይረስ ይኼ ነው» አሉ። ኪቦርድ ሳራግፍ ዋልኩ። ማታ እናቴ «ኢንጂነሩ፣ ሥራ እንዴት ነው?» ስትለኝ አኮረፍኩ።

ከብሩሽ ወደ ካቻቢቴ፣ ከካቻቢቴ ወደ ብየዳ አለፍኩ። ረዳት ቴክኒሽያን ሆንኩ፣ ቀጥሎ ቴክኒሽያን። በኋላ አንድ መሥሪያ ቤት ሲስተም አድሚኒስትሬተር ብሎ ቀጠረኝ። የማዕረጉ ርዝመት አይጣል ነው፤ ሥራው ግን በአብዛኛው መብራት ሲሄድ ወደ ሰርቨር ክፍል መሮጥ ነበር። ሩጫው ሲሰለቸኝ ወጥቼ ሸዋ በር አካባቢ የራሴን ሱቅ ከፈትኩ።

የሙያ ልጆች ስለ ሬይድ ሲጠይቁኝ የማወራላቸው የአባይ ነጅማን ጉዳይ ነው። ሬይድ ማለት ብዙ ዲስኮችን አቀናጅቶ እንደ አንድ ማሠራት ነው። አራት ሰው አልጋ ተሸክሞ ሲሄድ አስቡት። አንዱ ቢለቅ ሦስቱ እየተንገዳገዱም ቢሆን ያደርሱታል። ሁለተኛው ከለቀቀ ግን አልጋው መሬት ነው። ሰው የሚረሳው ይህችን ሁለተኛዋን ነው።

አባይ ነጅማ ጀጎል ውስጥ የሚኖሩ የቪዲዮ ባለሙያ ናቸው። አባይ የምንላቸው ታላቅ እህት ለማለት ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ እንደዚያ ነው የሚጠራቸው። የሚቀርጹት የሴቶችን ሰርግ ብቻ ነው። ሴቶቹ ለብቻቸው ሆነው ሻሻቸውን አውልቀው የሚዘፍኑበት፣ የሚጨፍሩበት ክፍል ወንድ ካሜራማን አይገባም። እሳቸው ይገባሉ፣ ይቀርጻሉ፣ ቤታቸው ወስደው ያቀናብራሉ። ለእያንዳንዱ ቤተሰብ የሚሰጡት ቃል አንድ ነው፦ ባዕድ ወንድ አያየውም። ባለ አራት ዲስክ ሳጥን ከአዲስ አበባ አስመጥተው ሥራቸውን ሁሉ የሚያስቀምጡት እዚያ ላይ ነበር።

ረመዳን ካለፈ በኋላ አንድ ጠዋት ባለቤታቸው ሐጂ ሙክታር ሱቄ መጡ። ሸዋ በር ጨርቅ የሚነግዱ፣ ሲበዛ ጨዋ ሰው ናቸው። ሰላምታው ረዘመ። ሰላምታ ሲረዝም ነገሩ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ።

«ዳኒ፣ ሳጥኑ እምቢ አለ።»

«መቼ ጀመረው ሐጂ?»

«ቆይቷል። ቢፕ ቢፕ ሲል ነበር። ዩፒኤሱ መስሎኝ ባትሪ ቀየርኩለት። ቀይሬለትም ጮኸ። በቃ ነቀልኩት።»

«ሳጥኑን?»

«ኧረ ዩፒኤሱን! ሳጥኑንማ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰካሁት። የሚጮህበትን ቁልፍ አንድ ጎረቤት ነካክቶ ዝም አሰኘልኝ።»

አልፈረድኩባቸውም። በዚህ ከተማ የሚጮህ ነገር ሁሉ ዩፒኤስ ነው፤ መብራት ሲሄድ ዕቃውን በባትሪ የሚያቆየው ማለት ነው። መብራት በሄደ በመጣ ቁጥር ስለሚጮህ ጆሮአችን ለምዶታል። ሲጮህ የነበረው ግን ሳጥኑ ነበር። አንድ ዲስክ ሞቶብኛል፣ ቀይሩልኝ ነበር የሚለው።

ጉዱ በዚህ አላበቃም። ረመዳን ሊገባ ሲል ጀጎል ውስጥ ቤት ኖራ ይቀባል። የእነ ሐጂ ቤት የጥንት ቤት ነው፤ ሳጥኑ የተቀመጠው «ነደባ» ከሚባለው፣ ቤተሰቡ ከሚቀመጥበት ከፍ ያለ መደብ አጠገብ፣ ግድግዳው ውስጥ ካለው መደርደሪያ ላይ ነበር። ቀቢዎቹ ሲመጡ ሐጂ ሙክታር ሳጥኑን ሲያነሱት እንዳይከብዳቸው ዲስኮቹን አንድ በአንድ መዘው አወጡ። ኖራ ቢረጭባቸው ጊዜ በእርጥብ ጨርቅ ወለወሏቸው። ከዚያም መልሰው ሰኩ።

«በቦታ በቦታቸው ነው የመለሷቸው?»

«ቦታ አላቸው እንዴ? ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም?»

ሐጂ ቀጠሉ፤ «ረመዳን አልፎ ስከፍተው ሳጥኑ ጠየቀኝ። እንደ አዲስ ላዘጋጅ ወይ አለኝ። እሺ አልኩት።»

«እሺ አሉት?»

«ሲጠይቀኝ ምን ልበለው ታዲያ? ወዲያው ደግሞ መብራት ሄደ።»

እዚያች ላይ ነፍሴ ተመለሰች። በሥራ ዘመኔ መብራት ኃይልን ያመሰገንኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ዩፒኤሱ ተሰክቶ ቢሆን ኖሮ ሳጥኑ ሥራውን ቀጥሎ ሁሉንም ጠርጎ ይጨርሰው ነበር። መብራቱ ሲሄድ የዲስኮቹን አሰላለፍ የሚናገረውን መግቢያ ብቻ አጥፍቶ ቆመ።

ጀጎል ገባሁ። መኪና አይገባም፣ ዕቃዬን ተሸክሜ ነው። አባይ ነጅማ በር ላይ ነበሩ፣ ዓይናቸው ቀልቷል። አጠገባቸው አንዲት ወጣት ቆማለች፤ ሰሚራ ትባላለች። ረመዳን ሳይገባ ነበር ያገባችው፣ ሰርጓን የቀረጹት አባይ ናቸው። እናቷ ዕድሜ ልኳን ፎቶ ተነሺ ስትባል እምቢ ያለች ሴት ነበረች። ለልጇ ሰርግ ግን አባይን «አንቺ ከሆንሽ እሺ፣ ግን ወንድ እንዳያየው» አለቻቸው። ሰርጉ ካለፈ ብዙም ሳትቆይ ሞተች። የካሜራው ካርድ ላይ ሌላ ሰርግ ተቀርጾበታል። እናትየው ያለችው እዚያ ሳጥን ውስጥ ብቻ ነው።

ዲስኮቹን አየኋቸው። አንዱ ሙት ነው። ሦስቱ ይዞራሉ፤ ከሦስቱ አንዱ ግን ጠቅ ጠቅ ይላል። ጠቅ ጠቅ የሚል ዲስክ ሲገጥምህ እጅህን አንሳ ነው ሕጉ። ይህንኑ ነገርኳቸው። አዲስ አበባ ዲስክ ከፍተው የሚሠሩ ባለሙያዎች አሉ፣ እዚያ ይላክ አልኩ። ሐጂ ሙክታር «ይላካ! ዛሬውኑ!» አሉ።

አባይ ነጅማ እጃቸውን ሳጥኑ ላይ ጣሉ። «ሰውየው ከፍቶ ያይ የለም እንዴ?»

«ማየቱ አይቀርም አባይ። ሥራው ነው።»

«ወላሂ አይሆንም! አማና ነው፣ አደራ አለብኝ። ከሚታይ ይጥፋ!»

ሐጂ ተቆጡ። «እናቷ ናት እኮ! አንቺ ምን አገባሽ?» አባይ መለሱ፣ ሐጂ መለሱ፣ ጭቅጭቁ ቤቱን ሞላው። እኔ ከአባይ ጋር አልተስማማሁም ነበር። የሞተ ሰው ምስል ከሚጠፋ አንድ የማያውቃት ቴክኒሽያን ቢያያት ምን አለበት አልኩ በሆዴ። ግን እኔን የጠየቀኝ የለም። በመጨረሻ ሁሉም ሰሚራን አየ።

ሰሚራ «እናቴ እሺ ያለችው አባይን አምና ነው» አለች። «እዚሁ ይሞከር። ከጠፋም... ይጥፋ።»

ሥራው እንዲህ ነበር። የዲስኮቹ ሰሌዳ ላይ፣ እርጥቡ ኖራ የደረቀበትን ቦታ በአልኮል አጸዳሁ። የመገናኛ ነጥቦቹን ደግሞ በላጲስ ፈገፈግኩ። ጠቅ ጠቁ ቀነሰ እንጂ አልተወም። ከዚያ ከእያንዳንዱ ላይ ሙሉ ኮፒ ወደ አዲስ ዲስክ ማውጣት ጀመርኩ፤ ታማሚውን አስቀድሜ። ፕሮግራሙ መጀመሪያ ደህና ደህናውን ይለቅማል፣ የሚያስቸግረውን ይዘላል፣ በኋላ ተመልሶ ይሞክራል። ቀናት ወሰደ። ዲስኮቹ ከቤት አይወጡም ስለተባለ የምመላለሰው እኔ ነበርኩ። ከሰዓት በኋላ ሐጂ ሙክታር ከጓደኞቻቸው ጋር በርጫ ላይ ሆነው «ዳኒ፣ ተቀመጥ፣ ትንሽ ቃም» ይሉኛል። ጆሮዬን ዲስኩ ላይ ጥጄ እምቢ እላለሁ። አንድ ቀን ዲስኩ ለተወሰነ ጊዜ ጸጥ አለብኝ፤ ደግነቱ መልሶ ዞረ።

ኮፒው አለቀ። ኦሪጅናሎቹን በፕላስተር አሽጌ ለአባይ አስረከብኩ። ከዚህ በኋላ የቀረው የትኛው ዲስክ የት እንደነበረ ማወቅ ነው። ላፕቶፑ ላይ አንድ አሰላለፍ እሰጠዋለሁ፣ ምንም እንዳይጽፍ፣ እንዲያነብ ብቻ አድርጌ እከፍተዋለሁ። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። አሰላለፉ በከፊል ቢሳሳትም የፋይሎቹ ስም ሊወጣ ይችላል፣ ትንንሹም ፋይል ሊከፈት ይችላል። መሳሳቱ የሚታወቀው ትልቅ ቪዲዮ ከፍቶ ሲያዩት ነው። እኔ ደግሞ ማየት አልችልም።

ስለዚህ ተስማማን። ምስል እንዳይወጣ የፋይሎቹን ዝርዝር በስም ብቻ አደረግሁት። ከዚያ ተነስቼ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ፤ አባይ ማዳመጫ ጆሮአቸው ላይ አድርገው የሰሚራን ሰርግ ይከፍታሉ። ከሁለት ሜትር ርቀት ላይ ግድግዳ እያየሁ ጥገና ስሠራ የመጀመሪያዬ ነው።

«ምን ይታያል አባይ?»

«አረንጓዴ። ሁሉ ነገር አረንጓዴ።»

«ይዝጉት።»

ዞሬ እቀይራለሁ፣ ተመልሼ ግድግዳዬን አያለሁ። አንዱ ጭራሽ አልከፈት አለ። አንዱ ተከፍቶ ወዲያው ቆመ። ከዚያ አባይ ጮኹ። «መጣች! ሙሽራይቱ መጣች! ... ያ አላህ፣ ፊቷ ግማሹ ወዲያ ሄደ!»

ደስ አለኝ፣ ሳቄ አመለጠኝ።

«የልጅቷ ፊት ተቆርጦ አንተ ትስቃለህ?»

«ግማሹ ከመጣ አንዱ ዲስክ ትክክለኛ ቦታው ላይ ነው ማለት ነው አባይ። ሌሎቹን ማቀያየር ነው የቀረን።»

«ታዲያ ሳትስቅ አቀያይራ!»

አቀያየርኩ። ዞርኩ። አባይ ከፈቱ። ጠበቅሁ። ማዳመጫ ስላደረጉ እኔ የምሰማው ትንፋሻቸውን ብቻ ነው። «አባይ?» አልኩ። በድጋሚ ልጠራቸው ስል ሳቁ። ከልባቸው፣ ጓደኛቸው የተጫወተችውን ጨዋታ እንደሰማ ሰው ነው የሳቁት።

«ይቆራረጣል?»

«አይቆራረጥም።»

«አያቋርጡት፣ እስከ መጨረሻው ይሂድ።»

ሄደ። ቆሜ ጠበቅኩት፣ እግሬ ዝሎ። ሲያልቅ «አልሐምዱሊላህ» አሉና አለቀሱ። ሁሉም ነገር አልዳነም። ታማሚው ዲስክ ላይ ያልተነበበ ቦታ ነበር፤ ሌሎች ሰርጎች ላይ የተበላሸ ቦታ ተገኘ። አባይ ቤት ለቤት ዞረው ለባለቤቶቹ ራሳቸው ተናገሩ። የሰሚራ ግን ሙሉ ነበር።

ሰሚራ ተጠርታ ስትመጣ እኔ ግቢው ውስጥ ኬብል እየጠቀለልኩ ነበር። ገባች፣ በሩ ተዘጋ። ቆይታ ቆይታ ወጣች። ፊቷን በሻሿ ጫፍ ጠርጋ አጠገቤ ቆመች።

«አዩዋት?» አለችኝ።

«አላየኋትም።»

«እናቴ ይህን ብትሰማ ደስ ይላት ነበር» አለችና ሄደች።

ለሙያ ልጆች የምለው ይህን ነው። ሬይድ አንድ ዲስክ ሲሞት ሥራ እንዳይቆም ያደርጋል፤ መጠባበቂያ ኮፒ ግን አይደለም። ኮፒ ሌላ ሳጥን ውስጥ፣ ቢቻል ሌላ ቤት ይቀመጥ። ዲስክ ከመምዘዛችሁ በፊት ቁጥር ጻፉበት። ሲጮህ የትኛው እንደሚጮህ ጠጋ ብላችሁ ስሙ። የምትጠግኑትን ነገር ደግሞ ለመጠገን ብላችሁ የግድ ማየት የለባችሁም።