ሦስተኛው ይቸኩላል

የእጅ ስልክ የምታክል የመኪና መመርመሪያ ማሽን ከገዛሁ ወዲህ አርብ ገበያ ከተማ ውስጥ ትንሽ ሐኪም መስዬ ነበር። ገመዷን ከመሪው ሥር ሰክቼ ስክሪኗን ሳነብ ሾፌሮቹ ከበውኝ ዝም ይላሉ። እውነቱን ለመናገር ያንን ዝምታ እወደው ነበር።

አብዛኞቹ ታዲያ መኪናቸውን ሊያስጠግኑ አይመጡም። «መብራቷን አጥፋልኝ» ነው የሚሉት። ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫዋ መብራት ስትበራ በሽታው መብራቷ ራሷ ትመስላቸዋለች። እኔም አጠፋላቸዋለሁ። በእኛ አቧራና በእኛ ናፍጣ ሴንሰር ሁሉ ሲዋሽ ይውላል፤ ማሽኗ ያወጣችውን የብልሽት ኮድ ትሰርዘዋለህ፣ ካልተመለሰ መንገድህን ትቀጥላለህ። አሠራራችን ይኸው ነው።

የዚያን ዕለት ጠዋት ፒክአፕ ነድቶ የመጣው አንድ የእህል ነጋዴ ነበር። ከጎኑ የተቀመጡትን ሳይ እጄን በጨርቅ ጠርጌ ሮጥኩ። የኔታ ነበሩ፤ ቤተ ልሔም ጉባኤ ቤት ድጓ ያስተማሩኝ መምህሬ። አስተማሩኝ ለማለት እንኳ አፌ ይከብደኛል፤ ሳልጨርስ ጥዬ ብሎንና ግሪስ ውስጥ የገባሁ ሰው ነኝ። ጉልበታቸውን ሳምኩ።

ግራ ዓይናቸው ከጠፋ ዓመታት አልፈዋል። በቀኟ፣ ለጉባኤ ቤቱ የሚቀር የድጓ መጽሐፍ በእጃቸው ሲጽፉ ቆይተው ሩቡ ሲቀራቸው፣ እሷም ግፊቷ ጨምሮ ሕመሙ ጸናባቸው። ደብረ ታቦር ለጥቂት ቀን የመጣ የዓይን ሐኪም ለዚያን ዕለት ከሰዓት ቀጥሯቸዋል።

«ሐኪሙ ማታ ይሄዳል። ዛሬ ካልሆነ ያለችዋም ብርሃን አትተርፍም ብሏል» አለኝ ነጋዴው። «ይች መብራት ደግሞ ከቤተ ልሔም ስንወጣ በራችብኝ።»

ማሽኗን ሰካሁ። የሦስተኛው ሲሊንደር ግፊት ከልክ በላይ ነው የሚል ኮድ አወጣች። ይህ ኮድ ሲመጣ ወይ ግፊቱን የሚለካው ሴንሰር ዋሽቷል፣ ወይ ናፍጣ የሚረጨው ኢንጀክተር እያንጠባጠበ ነው። ካንጠባጠበ ነዳጁ ያለ ሰዓቱ ይቀጣጠልና ፒስተኑን ይደበድበዋል። ለመለየት ኢንጀክተሩን ፈትቶ ከሌላው ሲሊንደር ጋር ማቀያየርና ኮዱ ተከትሎት መሄድ አለመሄዱን ማየት ነው። ይህ ደግሞ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ግማሽ ቀን አልነበረንም።

ሞተሩ እየሠራ ነበር። የኔታ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ። ጉባኤ ቤት ሃያ ተማሪ በአንድ ላይ ሲያዜም ማን እንደሳተ የሚያውቁብን አንገታቸውን እንደዚያ አዘንብለው ነበር። እኔ ሁልጊዜ ከሌሎቹ ቀድሜ ስለምገባ «ተመለስ!» የሚባለው በአብዛኛው ለእኔ ነበር።

«አንዱ ይቸኩላል» አሉ። «ከአራቱ አንዱ ቀድሞ ይገባል። አትሰማውም ልጄ?»

«የኔታ፣ የሴንሰር ነገር ነው። እንዲህ ያለ ብዙ አይቻለሁ» አልኳቸው። የጠየቁኝ ግን ይህን አልነበረም።

የደብረ ታቦር አውቶቡስ መናኸሪያው ውስጥ ጥሩምባውን እየነፋ ነበር። ነጋዴው ወደዚያ ዞሮ፣ «በእሱ ላሳፍራቸው እንዴ? እውነቱን ንገረኝ፤ የእኔ መኪና ብትቀር ትቅር» አለኝ።

በአውቶቡስ እንዳይንገላቱ አዝኜላቸው ነው ብል ደስ ባለኝ። አይደለም። በመምህሬ ፊት መኪና ማዳን ያቃተው መካኒክ መሆን አልፈለግሁም። ድጓውን ጥዬ የሄድኩበት ሙያ ከንቱ አለመሆኑን፣ በዚያችው በቀረቻቸው ዓይን እንዲያዩልኝ ፈለግሁ። ኮዱን ሰረዝኩት። ቢጫዋ መብራት ጠፋች፤ ጥቂት ብንጠብቅም አልተመለሰችም።

«ሂዱ፤ ምንም አትሆንም» አልኩ።

መኪናዋ ነፋስ መውጫን አልፋ የጉና አቀበት ላይ ቆመች። ሦስተኛው ፒስተን ተበስቶ ነበር። የሚያልፈው መኪና ሁሉ ጢም ብሎ የሞላ ስለነበር የኔታ ጋቢያቸውን ተከናንበው በዚያ ብርድ የመንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ዋሉ። መሽቶ መኪና አግኝተው ደብረ ታቦር ሲደርሱ ሐኪሙ ሥራውን ጨርሶ ሄዷል። ያ አውቶቡስ ከቀትር በፊት ገብቶ ነበር። ሌላ ሐኪም እስኪገኝ ሳምንታት አለፉ፤ ሲገኝም «አሁን የሚተርፍ ነገር የለም» አላቸው።

ሞተሩን ፈትቼ ያደስኩት እኔው ነኝ። ለጠየቀኝ ሁሉ «ማሽኗ አሳሳተችኝ» እላለሁ። ሰውም «ምን ታደርግ» ይለኛል። ማሽኗ ግን ምንም አልዋሸችም ነበር፤ ሦስተኛው ብላ ነግራኛለች።

ሥራው ሲያልቅ መኪናዋን ራሴ ነድቼ ቤተ ልሔም ሄድኩ። የኔታ ጎጇቸው ደጅ ላይ ከሚያዜሙት ተማሪዎቻቸው መሐል ተቀምጠዋል። ያልተጨረሰው ድጓ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል። ሞተሩን ሳላጠፋ ወረድኩ። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ።

«አሁን እኩል ይገባሉ» አሉ።

እግራቸው ሥር ተንበረከክኩ። «የኔታ፣ ዓይንዎን ያጠፋሁት እኔ ነኝ» ብዬ አለቀስኩ። ተማሪዎቹ ዜማቸውን አቆሙ።

«ያን ዕለት አንዱ ይቸኩላል ስልህ፣ ሰምተኸው ነበር ወይስ አልሰማኸውም?» አሉ።

አልሰማሁም ማለት እችል ነበር። ማሽኗ ናት ብዬ አገር ሁሉ አምኖኛል።

«ሰምቼው ነበር» አልኩ። እንዲያውም ከእርሳቸው ቀድሜ ነበር የሰማሁት፤ መኪናዋ ገና ደጄ ላይ ሳትቆም።

እጃቸው በአየር ላይ ጥቂት ዳብሳ ራሴን አገኘችው።

«እንግዲያው ያስተማርኩህ አልጠፋም» አሉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ተማሪዎቹ መልሰው «ተመለሱ» አሏቸው፤ እነርሱም ከመጀመሪያው ጀመሩ።