ታፔላ የነበረው ቸርኬ

የብስክሌት ቸርኬ ሳነሳ መጀመሪያ የማደርገው አውራ ጣቴን ወደ ውስጡ አግብቼ በሁለቱ ጠርዞች መካከል ማጋደም ነው። ትናንት ጎንደር አንድ የመለዋወጫ ሱቅ ገብቼ እንዲሁ ሳደርግ ብረቱ ጣቴን አቀዘቀዘው፤ የማሽን ዘይትና የእርጥብ ካርቶን ሽታ ተነሳ። ባለሱቁ ትዕግሥቱ አልቆ፣ «ወንድሜ፣ በግ መሰለህ እንዴ የምትዳብሰው? ቸርኬ ሁሉ አንድ ነው» አለኝ።

ሁሉም አንድ እንዳልሆነ ጣቴ ያውቃል። እንዴት እንዳወቀ ከጠየቅኸኝ ግን ወደ ደባርቅ መመለስ አለብኝ።

ያን ጊዜ እኔ አሥራ ስምንት፣ እህቴ ሃያ አንድ ዓመታችን ነበር። ቤታችን ከአስፋልቱ በታች ነው፤ እሷ ፋርማሲ የምትማርበት ኮሌጅ ደግሞ ከአስፋልቱ በላይ፣ የኮብልስቶኑ ዳገት የሚያልቅበት ቦታ ላይ። እህቴ ልጅ ሳለች ከገለባ ክምር ላይ ወድቃ ቀኝ ጉልበቷ ተሰብሮ ነበር። ወጌሻው አሰራት፣ እግሩም ዳነ፤ የዳነው ግን ቀጥ ብሎ ነው። ከዚያ ወዲህ አልታጠፈም። በምርኩዝ አጭር መንገድ ትሄዳለች፤ ዳገት የወጣች ቀን ግን ጉልበቷ አብጦ ሁለት ቀን ያስተኛታል። ባጃጆች እኛ ሰፈር አይወርዱም ነበር። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት በብስክሌት የማደርሳት እኔ ነበርኩ።

ከኋላዬ መጫኛው ላይ በጎን ትቀመጣለች፤ ያ እግር ወደ ቀኝ ተገትሮ ይወጣል። መታጠፊያው ላይ ካለው ወፍጮ ቤት ትኩስ የገብስ ዱቄት ይሸታል። ደጁ ላይ የሚቆሙት ጎረምሶች፣ «መቀርቀሪያዋ መጣች፣ መንገድ ልቀቁ» ይላሉ። እሷም ዞር ሳትል፣ «በር ካለህ አምጣው፣ እቀረቅርልሃለሁ» ትላለች። እኔ አልናገርም፤ እነዳለሁ። ለሁለታችንም የሚበቃ አፍ ነበራት።

ችግሩ ጎማው ነበር። ቀጭን ነው። የእህቴ ክብደት ሲያርፍበት የድንጋዩ ጠርዝ ጎማውን እስከ ቸርኬው ድረስ ይደፈጥጠውና ውስጥ ያለው የንፋስ ከረጢት፣ ከመነዳሪው፣ መሀል ላይ ተቆንጥጦ ይበሳል። ሁልጊዜ ሁለት ቀዳዳ፣ ጎን ለጎን። አስፋልቱ ዳር የሚሠሩት ጎሚስታ ማስቲሽ ቀብተው ይለጥፉትና፣ «ንፋስ አንሶት ነው» እያሉ ፓምፑን ይረግጣሉ። ዕድሜያቸውን የጨረሱት በጭነት መኪና ጎማ ነው፤ ለእሳቸው ጎማ ማለት የጠነከረ ነገር ነው። በመጨረሻ በአውራ ጣታቸው ተጭነው፣ «ድንጋይ ሆኗል፣ ሂድ» ይሉኛል። ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ድንጋይ ላይ እንሄዳለን። እህቴ፣ «ሳልመረቅ ጥርሴ ረግፎ ሊያልቅ ነው» ትላለች። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ይበሳል።

የኮሌጁ ሕግ ግልጽ ነበር። አሥር ቀን የቀረ ተማሪ የማጠቃለያ ፈተና አይቀመጥም፤ በሩ ከተዘጋ በኋላ የደረሰም እንደቀረ ይቆጠራል። ፋሲካ ሲቃረብ እህቴ ስምንት ቀን ተቆጥሮባት ነበር። ስምንቱም የጎማ ነው።

አባታችን ከሞተ ወዲህ የቤታችን ነገር የሚወሰነው በአጎታችን ነበር። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ሥርዓት የሚወዱ ሰው ነበሩ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ መጥተው፣ ፈተና ካልተቀመጠች ዳባት ሄዳ የአክስታችንን ሱቅ እንደምትጠብቅ ነገሩን። «ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ ነው። እግሯም ያርፋል። ሰው ሁሉ ያዝንላታል፣ ይገዛታል።» እናታችን አቀርቅራ ሰማች።

«አጎቴ» አለች እህቴ፣ «የማይታጠፈው እግሬ ብቻ መሰለዎት?»

እሳቸው ኩታቸውን ሰብስበው ወጡ። ነገሩ ግን አልተሻረም። አሥረኛው ቀን ከሞላ እህቴ ዳባት ናት፤ ሁላችንም ያንን እናውቅ ነበር።

ስለ ጎማ ያነበብኩት ስልኬ ላይ ነው። መምህር አልነበረኝም፤ የማይገባኝን ዓረፍተ ነገር ደብተር ላይ ገልብጬ እስኪገባኝ አነበው ነበር። ሰፊ ጎማ ብዙ ንፋስ ስለሚይዝ ድንጋይ መሆን አያስፈልገውም፤ ትንሽ ለስለስ ብሎ የድንጋዩን ጠርዝ ይውጠዋል፤ ቸርኬው ድረስ አይደርስም። ይህ ገባኝ። በሚኒባስ ረዳት በኩል ከጎንደር አንድ ሰፊ የአስፋልት ጎማ አስመጣሁ፤ ጥርስ የሌለው፣ ልሙጥ። በዚያው አሮጌ የኋላ ቸርኬ ላይ ገጠምኩት።

ጥፋቱ የእኔ ነው። የጎማውን ስፋት በማስመሪያ ለክቼ የቸርኬውን ውስጥ አልለካሁም። የቸርኬው ውስጥ ትንሿን ጣቴን እንኳ አጋድሞ የሚያስገባ አልነበረም። እግሩ የጠበበ ጎማ ከላይ እንደ እንጉዳይ አብጦ ቆመ፤ አየሁት፣ ደግሞም ደስ አለኝ። ሰፊ ነዋ።

ለፋሲካ ትምህርት ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው ወፍጮ ቤቱ ጋ ስንታጠፍ ጎማው ወደ ጎን ተንከባለለ፤ ከቸርኬው ላይ ተፈልቅቆ ሲወጣ እንደ ጨርቅ ቅዳጅ ያለ ድምፅ ሰማሁ። ወደቅን። እህቴ ክርኗ ደምቶ፣ ነጭ ጋውኗ ጭቃ ጠጥቶ መሬት ላይ ተቀመጠች። ጎረምሶቹ ያን ቀን ምንም አላሉም። ይህ ከሁሉ ይብስ ነበር። ኮሌጁ በር ላይ ስንደርስ ዘበኛው በሁለቱ እጆቹ መዝጊያውን ይዞ አየን፣ አዘነም፣ ዘጋም። የቀረችበት ቀን ዘጠኝ ሆነ።

«ምንድነው የሆነው?» አለችኝ ስንመለስ።

«ቸርኬው ለጎማው ጠብቦ ነው።»

«ታዲያ ሰፊ ፈልግ። እኔ ዳባት አልሄድም።»

ሰፊ ቸርኬ ደባርቅ ውስጥ አንድ ብቻ ነበር፤ ሁላችንም በየቀኑ በሥሩ እናልፋለን። የጎሚስታው ታፔላ ነበር። ከዓመታት በፊት አንድ ፈረንጅ በብስክሌት መጥቶ ሊማሊሞን ሊወርድ ሲል የኋላ ጎማው መሀል ያለው ሞዞ ተሰበረበት፤ እሱ በአውቶቡስ ሲሄድ ቸርኬው እዚያው ቀረ። ጎሚስታው ቀይ ቀለም ቀብተው በራቸው ላይ በሽቦ ሰቀሉት። «ቀይ ቸርኬ ጋ» ቢባል ባጃጅ የሚነዳ ሁሉ ያውቀዋል። በርሜል ላይ ወጥቼ ለካሁት። አውራ ጣቴ ከነጥፍሩ ተጋድሞ ገባ። ከሞዞው የሚዘረጉት ሽቦዎች የሚገቡባቸውን ቀዳዳዎች ቆጠርኩ፤ ሠላሳ ስድስት። የእኔ ሞዞም ሠላሳ ስድስት ነው። ወርጄ ጎሚስታው ዘንድ ገባሁ።

«ጋሼ፣ ይሽጡልኝ።»

«ታፔላ ይሸጣል? የቤተ ክርስቲያን ጉልላትም ግዛ።»

ሦስት ጊዜ ጠየቅኋቸው። ሦስተኛው ላይ፣ «ድንጋይ አድርጌ ልንፋልህ እንጂ ይሄን የበሰበሰ ጎማህን ተወው» ብለው ጀርባቸውን ሰጡኝ። ቤት ገብቼ ለእህቴ ነገርኳት። ምርኩዟን አነሳች።

የሰሞነ ሕማማት ሰኞ ነበር። እህቴ ጎሚስታው ደጅ ላይ፣ ልክ ከቸርኬው ሥር፣ ነጠላዋን አጣፍታ ተቀመጠች። ደብተሯን ገለጠች። ያ እግር በሩን አቋርጦ እስከ ማዶው መቃን ተዘረጋ።

«ምን ፈልገሽ ነው?»

«ደጅ እየጠናሁ ነው፣ ጋሼ።»

«ለኔ? እኔ ራስ ነኝ? ደጃዝማች ነኝ?»

«ደጅ አለዎት። ይበቃኛል።»

«በይ እግርሽን ሰብስቢ፣ ሰው ይግባ።»

«አይሰበሰብም» አለች፤ ንባቧን ቀጠለች።

የእኛ አገር ሰው የተቀመጠ ሰው እግር ተሻግሮ አያልፍም፤ ያውም የተጎዳ እግር፣ ያውም በሕማማት። አንድ ባለ ባጃጅ የተበሳ ጎማ ይዞ መጣ፤ እግሩን አየ፣ እሷን አየ፣ ወደ ሌላ ጎሚስታ ሄደ። ከስግደት የሚመለሱ እናቶች እየቆሙ፣ «ምን በድለዋት ነው?» ይጠይቋቸዋል። ጎሚስታው፣ «እኔ ምንም አላልኳት» ይላሉ። እሷም፣ «ምንም አላሉኝም» ትላለች፤ በጣም ጨዋ ሆና። ማክሰኞም ዋለች። ጸሐዩ ከቆርቆሮው ላይ እያንጸባረቀ ፊቷን አቅልቶት ነበር፤ አልተነሳችም። እኔ ማዶ ቆሜ ውኃ አቀብላት ነበር፤ በጾሙ እስከ ማታ አትጠጣውም፤ ታስቀምጠዋለች። አሁንም ድረስ ደፋር ሰው ሲባል የሚታየኝ ያ የተዘረጋ እግር ነው።

ረቡዕ ረፋድ ላይ ጎሚስታው በርሜላቸውን አቁመው ወጡ። ሽቦውን በፒንሳ ቆርጠው ቸርኬውን አወረዱት።

«የሚገጥምልህ ግን እኔ አይደለሁም» አሉኝ። «ተሰብሮ ብትወድቅ በእኔ እጅ እንዳይሆን።»

የገጠምኩት ሐሙስና ቅዳሜ ነው። አርብ ስቅለት ስለሆነ በእኛ ቤት መዶሻም ጉጠትም አይነሳም። ሠላሳ ስድስቱን ሽቦ ሁለት ጊዜ ገጥሜ ሁለት ጊዜ ፈታሁ፤ በሦስተኛው እያንዳንዱን እየነካካሁ ድምፁን አዳመጥኩ፤ ከጎረቤቱ ዝቅ ያለ ድምፅ የሰጠውን አጠበቅሁ። ሽቦዎቹ በሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ረዝመው ስለነበር ከመነዳሪውን እንዳይወጉት ጫፋቸውን በሞረድ አስተካከልኩ። የፍሬኑ ላስቲክ ከቀዩ ቸርኬ ጋር እየታከከ አላስገባ ሲለኝ እሱንም ሞረድኩት። የብረት ብናኝና የጠጅ ሣር ሽታ አብሮ አስታውሳለሁ፤ እናቴ ለበዓል ቤቱን ጎዝጉዛ እኔን ከነዝገቴ ወደ ደጅ አባረረችኝ። ጎማው ሲነፋ እንደ እንጉዳይ አላበጠም፤ ከቸርኬው ጀምሮ ቀጥ ብሎ ወጣ፤ ግንብ ይመስል ነበር። በአውራ ጣት ሲጫኑት ትንሽ እስኪገባ ድረስ ብቻ ነፋሁት።

ትምህርት የተከፈተው ማክሰኞ ነው። ሌሊት የዘነበው ካፊያ ኮብልስቶኑን አብርቶት ነበር። ፊተኛው ጎማ ቀጭን፣ ኋለኛው ወፍራም፤ ጎሚስታው በራቸው ላይ ሆነው ሲያዩን፣ «ፊቱ ፍየል፣ ኋላው ላም» አሉ። ቆም አድርገውኝ ጎማውን በጣታቸው ተጫኑ። «ይሄማ አልተነፋም። ልንፋው።»

እኔ በሕይወቴ ለትልቅ ሰው፣ «አይሆንም» ብዬ አላውቅም ነበር።

«አይሆንም፣ ጋሼ» አልኳቸው።

ከኋላዬ፣ «ንዳ» አለችኝ እህቴ።

ወፍጮ ቤቱ መታጠፊያ ጋ ስንደርስ በእጇ ሹራቤን ጨምድዳ ያዘች። አጠፍኩ። ጎማው ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ሲውጣቸው በመቀመጫዬ ይሰማኝ ነበር፤ የሚሰማው ድምፅ ግን እርጥብ ነገር በእርጥብ ነገር ላይ ሲሄድ የሚሰማው ፍሽታ ብቻ ነው። ወደ ጎን ንቅንቅ አላለም። እጇ ላላ። ጥቂት ቆይታ፣ «መድኃኒት ቤት ስከፍት ታፔላዬን አልሰጥህም» አለችኝ።

አሥረኛው ቀን አልሞላም። ሰኔ ላይ ተፈተነች፤ አለፈች። አጎታችን ሲሰሙ፣ «ድሮም ጎበዝ ናት» አሉ። ጎሚስታው በባዶው ሽቦ ላይ የመኪና ጎማ ሰቀሉ፤ እስከ ክረምቱ ድረስ ግን ሰው ሁሉ ቤታቸውን፣ «ቀይ ቸርኬ የነበረበት» እያለ ሲጠራ ይናደዱ ነበር። እህቴን የማመላልሳት ቀጥሎ በነበረው ዓመትም፣ ተመርቃ ሥራ ስትፈልግም ነበር።

ሥራው አዲ አርቃይ ጤና ጣቢያ ሆነ። በምትሄድበት ቀን ጠዋት ብስክሌቱን ወልውዬ ደጅ ሳወጣው እሷ አልነበረችም። እናቴ፣ «በእግሯ ወጣች፤ አትቀስቅሱት አለች» አለችኝ። እየከነፍኩ መናኸሪያ ስደርስ ፊቷ በላብ ርሶ፣ ምርኩዟ ላይ ተደግፋ ከአውቶቡሱ ረዳት ጋር ትከራከራለች።

«የፊቱ ወንበር ተይዟል፣ እታለም።»

«በማን?»

«በሰው።»

«ታዲያ መጣሁልህ።»

መንገድ ላይ ስመጣ የፊቱን ወንበር እንዲሰጣት ለረዳቱ የምናገርላትን አዘጋጅቼ ነበር። ረዳቱ ሻንጣዋን አንስቶ ፊተኛው ወንበር ላይ ሲያስቀምጥ አፌን ገና እየከፈትኩ ነው።

«ጉልበትሽ ያብጣል» አልኳት፤ ሌላ የቀረኝ ቃል አልነበረም።

«ያብጥ» አለች። ጉንጬን ሦስት ጊዜ ሳመችኝ፤ ፊቷ ጨው ጨው ይል ነበር። እግሯን መጀመሪያ አስገብታ፣ ከዚያ ራሷን አስገባች። አውቶቡሱ ወደ ሊማሊሞ ዞረ።

ብቻዬን ተመለስኩ። ወፍጮ ቤቱ ጋ ስታጠፍ ግራ ትከሻዬን ዝቅ አድርጌ አዘነበልኩ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ የእሷ እግር ወደ ቀኝ ሲስበን እኔ ወደ ግራ ስመልስ ኖሬያለሁ፤ መሄዷን ለሰውነቴ የነገረው አልነበረም። ብስክሌቱ ከሥሬ ሸርተት አለ። አንድ እግሬን አውርጄ መንገዱ ዳር ቆምኩ፤ መኪና እስኪያልፍ የምጠብቅ መስዬ ጥቂት ቆየሁ።