በሙቀት ያመካኘሁት

አሰብ ላይ ልጅን ደጋ መላክ ነውር አልነበረም። ግንቦት ሲገባ እኛ መምህራኑም የወደቡ ሠራተኞችም ሕፃኖቻችንን ደሴና አዲስ አበባ ላሉ ዘመዶች እንልካለን፤ መስከረም ላይ እናስመጣለን። እኔም ልጄን በአራት ወሯ ደሴ ላለችው እህቴ ስሰጣት ለምን ያለኝ የለም። «ሙቀቱ አላስችላት አለ» አልኩ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ። ጥቅምት አለፈ፣ ጥር ሆኖ አሰብ ቀዘቀዘች፣ እኔ ግን አላመጣኋትም። እውነቱን ለባሌ እንኳ አልነገርኩትም። ከወለድኩ ጀምሮ አንዳች ነገር ተጭኖኝ ነበር፤ ስታለቅስ ወደ ግድግዳው ዞሬ እተኛለሁ። ልጅቷን አልፈለግኳትም።

እህቴ ራሷ ልትወልድ ስትቃረብ ልጄን መለሰችልኝ። ሦስት ዓመት አልፏታል። እህቴን «እማዬ» ትላለች፣ እኔን «እትዬ»። ከእጄ አትበላም፤ ስጠራት አባቷ ኋላ ትሸጎጣለች። እኔ ደግሞ ሲከፋኝ የምቆጣ ሴት ነኝና እጮህባት ነበር። ያፈርኩት እኔ፣ የሚጮኽባት እሷ።

ጉንፋን ይዟት ክሊኒክ ወሰድኳት። ነርሷ ትግርኛ ያልለቀቀው አማርኛ የምትናገር፣ ረጋ ያለች ትልቅ ሴት ናት። ሳሉን አይታ ስታበቃ ሌላ ሌላውን ጠየቀችኝ፤ እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ ሁሉንም ነገርኳት። በሳምንት ሁለት ቀን ከሰዓት ኑ አለችን። ሕክምናው መርፌም ክኒንም የለውም። ምንጣፍ አንጥፋ ሁለታችንን ታስቀምጠንና ጥግ ይዛ ታየናለች። ልጅቷ በድስት ክዳንና በቆርቆሮ ትጫወታለች፤ የእኔ ሥራ የምታደርገውን መከተል ብቻ ነው። ማስተማር የለም፣ መጠየቅ የለም፣ ማዘዝ የለም። ቤትም በየቀኑ ግማሽ ሰዓት እንዲሁ።

ቀላል መስሎኝ ነበር። አፌ ግን የአስተማሪ አፍ ነው፣ አላርፍ አለ። ይሄ ምን ቀለም ነው? ስንት ክዳን አለ? እንደሱ አይደለም፣ አምጪ ላሳይሽ። ልጅቷ ክዳኑን ታስቀምጥና እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ትጠብቀኛለች፣ ልክ እንደ ተማሪዎቼ። ነርሷ አልተቆጣችኝም። ልጅቷ ፈተና ላይ ያለች ይመስላታል፣ ከወደቀች ደግሞ የምትላክ ይመስላታል አለችኝ። ከዚያ ወዲያ አፌን ያዝኩ።

ሁለት ወር ሞላን፤ ልጄ የሳቀችው ለነርሷ ነው። ቅናቱም እልሁም አንድ ላይ መጣብኝ፣ ሰለቸኝ። እህቴ ወልዳ ከአራስ ቤት ወጥታለች። ለነርሷ ሳልነግር፣ ቅዳሜ ጭነት ይዞ ወደ ደሴ ለሚወጣው ጎረቤታችን ሹፌር ልጅቷን አድርስልኝ ብዬ አደራ አልኩ። ባሌ ሲከራከረኝ ያንኑ ሙቀት አነሣሁበት። ልብሷን ሻንጣ ውስጥ የከተትኩት ተኝታ ሳለች ነው።

ቅዳሜ ጠዋት የመኪናው ክላክስ ተሰማ። ልጅቷ ወለሉ ላይ እየተጫወተች ነበር። በሩ አጠገብ ያቆምኩትን ሻንጣ አየችና ተነሣች፣ አልጋ ሥር ገብታ ጫማዋን አወጣች፣ መጥታ ፊቴ ተቀመጠችና እግሯን ዘረጋችልኝ። እንዳስርላት ነው። አላለቀሰችም።

ክው አልኩ። ማንም ሳይነግራት ገብቷታል። በሦስት ዓመቷ መላክን ለምዳዋለች፣ ያስለመድኳትም እኔ ነኝ። አጠገቧ ቁጭ አልኩ።

«የትም አትሄጂም» አልኳት። «ያኔም የላክሁሽ እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«እሰሪልኝ» አለች።

አሰርኩላት። ወጥቼ ሹፌሩን ይቅርታ ጠየቅኩት፤ እያጉረመረመ ሄደ። ስመለስ በሩን እያየች እዚያው ተቀምጣለች። ያን ቀን ጫማዬን አላወልቅም አለች፤ እንዳደረገችው ተኛች፣ በማግስቱም እንደዚያው። ነርሷ በግድ እንዳላወልቅባት አስጠነቀቀችኝ። በየቀኑ ምንጣፉ ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ ክዳን ስትሰጠኝ ተቀበልኩ፣ ስትነጥቀኝ ለቀቅኩ።

በዘጠነኛው ቀን አንድ እግሯን ዘረጋችልኝ።

«ፍቺልኝ» አለች።

ፈታሁላት። ሌላውን ስነካው እግሯን ሰበሰበች።