ጋኔን ያላችሁት ጭስ

ወገኖቼ፣ ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ቆሜአለሁ። አስቀድሜ ግን ልንገራችሁ፤ የማስታውሰው ሁሉ ትክክል ላይሆን ይችላል። ስድስት ዓመቴ ነበር ወይስ ሰባት፣ የብርድ ልብሱስ ቀለም ምን ነበር፣ እርግጠኛ አይደለሁም።

ያሳደገኝ አጎቴ "ዋሽተሃል" ብሎ በብርድ ልብስ ሸፍኖ፣ ፍም ላይ በተነሰነሰ በርበሬ አጠነኝ። ጎረቤቱም "ጎሽ፣ ልጅ እንዲህ ነው የሚቀጣው" አለ። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ፍራንክፈርት ከገባሁ በኋላ እንኳ ከአልጋ መነሣት የሚያቅተኝ ሳምንታት ነበሩ። መሞትን እመኝ ነበር። እግዚአብሔር የለም እል ነበር። እዚህ ጋሉስ ሰፈር፣ ወደዚህ የጸሎት አዳራሽ የመጣሁት የሥራ ባልደረባዬ ስለለመነኝ ብቻ ነው።

በመጣሁበት እሑድ ለምሳ የተጣደው ድስት ላይ በርበሬ አረረ። ትንፋሽ አጠረኝ፤ ወደ በሩ ሮጥሁ። ያዛችሁኝ።

"አትልቀቁት፣ መንፈሱ ነው። ስምህ ማነው? ተናገር!"

"በሩን ክፈቱልኝ" ብል፣ "አያችሁ፣ ሊያመልጥ ነው" ተባለ። ዛሬም ደሜ ይፈላል። አጎቴም የያዘኝ እንዲሁ ነበር፤ እርሱ ግን በኢየሱስ ስም አላለም።

ምሳውን የሚያበስሉት እማማ የሺ ከወጥ ቤት ወጡ። "ልቀቁት እናንተ! የምን ጋኔን ነው? መስኮት ክፈቱ።" ፊቴን በነጠላቸው እየጠረጉ፣ "ማነው ያጠነህ ልጄ?" አሉኝ። በዕድሜዬ ሙሉ ማንም ያልጠየቀኝ ጥያቄ ነበር። ጌታ ይመስገን፤ የክርስቶስን ርኅራኄ ያወቅሁት በእርሳቸው አፍ ነው።

ሮደልሃይም ሰፈር ካለች የአእምሮ ሐኪም ዘንድም የቀጠሮ ቴርሚን አስያዙኝ። ሐኪሟም፣ "የልጅ አእምሮ ገና ሲያድግ ፍርሃት ከበዛበት አደጋን መጠበቅ ይለምዳል፤ አደጋው ካለፈም በኋላ ይጠብቃል። እንዲህ ያደገ ሁሉ በድብርት ይያዛል ማለት አይደለም፤ ይበልጥ ግን ይጋለጣል። ይታከማል" አለችኝና ክኒን አዘዘችልኝ።

ከእናንተ መካከል "ክኒኑን ጣል፣ እምነትህ ደክሞ ነው" ያላችሁኝ አላችሁ። መነጽራችሁን እስቲ አውልቁ። የስኳር መርፌ ስትወጉ እምነታችሁን ማን ለካባችሁ?

ስሙ ይባረክ፤ በጸሎትም በመድኃኒትም አነሣኝ። ዛሬ መንጋቱን አልፈራም። እናንተ የደከማችሁ፣ በእርሱ ታመኑ፤ እርሱ በር ይከፍታል እንጂ አይዘጋም። ልጆቻችሁንም አታጥኑ።

ትዝታዬን ስለምጠራጠር አዲስ አበባ ለታላቅ እህቴ ደወልሁ። "አልሜው ይሆን?" አልኋት።

"አላለምህም። ብርድ ልብሱ ግራጫ ነበር። ጫፉን ያስያዘው እኔን ነው።"